ሁለተኛው ወረቀት

«እማዬ፣ ከኔ በፊት ይሄ ነገር የተሠራለት ሰው አለ?»

እናት የልጅቷን ፀጉር ወደ ኋላ ሰበሰበችላት። ልጅቷ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ልቧ ድንገት እየጋለበ ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ጥሏታል። አሁን የሆስፒታል ጋውን ለብሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። በብሽሽቷ በኩል በደም ሥር ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ ልቧ ድረስ ወስደው፣ ምቱን የሚያዛባውን ቦታ በሙቀት ይተኩሱታል ተብሏል። በመላ አገሪቱ ይህን የሚሠራው ይኸው አንድ ሆስፒታል ብቻ ነው።

ነርሷ ሁለት ወረቀትና የአሻራ ቀለም ይዛ መጣች። «እናቴ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ጋ…»

«ቆዪ እህቴ። አነባለሁ።»

ነርሷ ግራ ገባት፤ የአምናው ፋይል ላይ ያለው የእናትየው አሻራ ነው። ዘንድሮ ግን እናት ከሥራ መልስ የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ፊደል ለይታለች። ጣቷን ከቃላቱ ሥር እየጎተተች የመጀመሪያውን የሕክምና ስምምነት ወረቀት ጨረሰች። ሁለተኛው ላይ ጣቷ ቆመ።

«የታካሚዋ… ው… ጤት… በአገር አቀፍ መዝገብ… እንዲገባ…»

«አላልኩሽም እታለም!» አለ መስኮቱ ጋ የቆመው የእናት ታናሽ ወንድም። «መዝገብ ምን ያደርግላቸዋል? ሊለማመዱባት ነዋ! ልብሷን አልብሻትና እንሂድ፤ መኪናዬ በር ላይ ናት።»

እናትም ሳትጠረጥር አልቀረችም። ትናንት ከዘበኛው ጀምሮ ሁሉም ፈገግ ሲሉላት ነው ልቧ የሸሸው። ይህን ያህል ጥርስ በከንቱ አይታይም ብላለች።

ዶክተሩ ሲገባ ወረቀቱን ዘረጋችለት። «ይሄ ለማን ነው? ለልጄ ነው ለእናንተ?»

«ለሁላችንም ነው እናቴ።»

«ለሁላችንም የሚሉት ነገር አይጥመኝም። ለስንት ሰው ሠርታችኋል?»

«እስከ ትናንት ለሁለት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ሁሉም ዳኑ?»

«አሥራ ስድስቱ ተመልሶባቸው ደግመንላቸዋል። አንዲት ሴት ሞታብናለች።»

«ይኸው!» አለ ወንድሟ እጁን አጨብጭቦ።

እናት ወደ እሱ አልዞረችም። «የሞተችውም መዝገቡ ላይ አለች?»

«አለች። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ሁሉም ድነዋል ብዬ ልሸኝዎት እችል ነበር።»

እናት ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ይኼኛው ፈገግ አላለም።

«እንግዲህ እኔ ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛ ነኛ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«ቀለሙን መልሺውና እስክሪብቶ ስጪኝ» አለቻት እናት ነርሷን። ሁለቱም ወረቀት ላይ ስሟን ጻፈች፤ የመጨረሻው ፊደል ከመስመሩ ወጥቶ ቀረ። ከዚያ ዶክተሩን «የሷን ውጤት ስትጽፉ አምጡና አሳዩኝ። እኔው አነበዋለሁ» አለችው።

«እኔ እጄ የለበትም» አለ ወንድሟ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ።

ልጅቷን በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ውስጥ አስገቧትና በሩ ተዘጋ። ወንድሟ ደረጃውን ወርዶ ሄደ። እናት በሩ ፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ቀረች።