ቀይ ችካሎች

ችካሉን መጀመሪያ የነቀልሁት እኔ ነኝ። አገር ምድሩ ነቅሏል እያልሁ ራሴን ላጽናና ብሞክርም፣ የመጀመሪያው እጅ የእኔ ነበር።

ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት አልፎ፣ ከጎንደር ወደ ሳንጃ የማኪና መንገድ ይወጣል ተባለ። የመጡት ሹም "እናንተ ግማሹን አዋጡ፣ የቀረውን መንግሥት ይጨምራል" አሉ። የመንደሩ ጭቃ ሹም ስለነበርሁ መዋጮውን የምሰበስብ እኔው ሆንሁ። በየደጁ ስዞር ያልሰደበኝ የለም። እኔ ግን አላፈርሁም። ሚስቴን ወለላን ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ጎንደር ሳደርሳት፣ ሐኪሙ "ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ" ብሎ አንገቱን ደፍቷል፤ እዚያው አረፈችብኝ። አንዲቷ ልጄ ታየች ደግሞ ለትዳር ደርሳለች። በሬ ሸጬ የድሆቹን ድርሻ ጭምር ከፈልሁ። መዋጮው ሞላ።

ሁለት ክረምት አለፈ፤ ዝር ያለ ሰው የለም። በሦስተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ባርኔጣ ያደረጉ ሦስት ሰዎች ማሳችን ላይ ገመድ ሲዘረጉ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ሲቸክሉ አገኘናቸው። ክንዱ የሚባለው ጎረቤቴ እያለከለከ መጣ።

"አያ ንብረት፣ ቀላድ ጣሉብን! ርስታችንን ለክተው ግብር ሊቆልሉብን ነው!"

መጠየቅ ነበረብኝ። የመንገዱን ብር በእጄ ቆጥሬ ያስረከብሁ ሰው፣ "ለመንገዱ ነው የመጣችሁት?" ማለት እንዴት ያቅተኛል? ርስት ሲነሣ ግን ደሜ ይፈላል። ከባቄላ ማሳዬ አንዱን ነቀልሁ፤ እስኪመሽ አንድም አልቀረም። በማግሥቱ ሰዎቹ "መንገድ ነው" ብለው ደግመው ቸከሉ። "ቀላድ ጣይም እንደዚያው ይላል" አልሁና ደግሜ ነቀልሁ። እነሱም ጓዛቸውን ጭነው ሄዱ፤ እኔም ችካሉን ለማገዶ ብዬ ቤቴ ጥግ ከመርሁት።

መንገዱ በእኛ ገንዘብ ከወንዙ ማዶ ወጣ። አውቶብሱ አቧራ እያቦነነ ሲያልፍ ደጄ ላይ ቆሜ አየዋለሁ።

መንገዱ ባለቀ በዓመቱ፣ አግብታ ልትወልድ ቤቴ የመጣችው ታየች ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን ሲሞላት ጎረቤት ተጣድፎ ቃሬዛ ሠራ፤ ሁለት አጠና ጎን ለጎን አጋደመና ለአግዳሚው ከጥጉ ያገኘውን እንጨት አንሥቶ በጠፍር አሰረ። ሲያስተኟት ነው ያየሁት። ልጄ የተኛችው በቀዮቹ ችካሎች ላይ ነው። ጋቢዬን አውልቄ ልሸፍናቸው ስል እጄን ያዘችኝ።

"ተወው አባ፣ እንሂድ።"

ገደሉን ወርደን ወንዙን ስንሻገር አውቶብሱ አለፈን። ሌላው የመጣው በማግሥቱ ነው። ታየች ተረፈች። ሞቶ የተወለደውን ልጇን ግን እዚያው መንገዱ ዳር ቀበርነው።

ዘንድሮ ለእኛ መንደር መገንጠያ መንገድ ይውጣ ተብሎ እንደገና መዋጮ ተጀምሯል። የቀረኝን በሬ ልሸጥ መሆኔን ስነግራት ታየች ጥጥ ትፈትል ነበር። ቀና አላለችም።

"ሸጋ ነው፣ አባ" አለችኝ። "ችካሉንስ ማን ይጠብቀዋል?"