የሾፌሩ አንሶላ

«እጅሽን ወደዚህ! ሌላኛውን! ኧረ ልጄ፣ ልብስ ነው እንጂ እሾህ እኮ አይደለም!»

እትዬ ጥቁሩን ቀሚስ እስከ ትንሿ ልጅ ብብት ድረስ አድርሰውት ነበር። ከዚያ ወዲያ አልሄደም። ልጅቷ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ጮኸች። ጩኸቷ ሳሎን ሲደርስ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት እንግዶች የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ዝም አሉ። እናቷ ከመሀላቸው ተነስታ እየሮጠች ስትገባ ቀሚሱ ወለሉ ላይ ተጥሎ ነበር። ልጅቷ ደግሞ አያቷ ይተኛበት የነበረው አልጋ ሥር ገብታ፣ የሱን ትራስ ደረቷ ላይ አጣብቃ ትንቀጠቀጣለች።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አሉ እትዬ፣ ቀሚሱን አንስተው እያራገፉ። የሟች ታላቅ እህት ናቸው። ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ ጎናቸው አልጋ አልነካም፤ እጃቸውም ሥራ አልፈታም። «የአያቷ ሐዘን ነው። ያቺን የተቀደደች ቢጫ ሸሚዝ ለብሳ ነገ ለሣልስቱ መቃብር ልትሄድ ነው? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የፈለገውን ይበል እትዬ። ይተዉአት።»

«ተውኳት! አባትሽም ተዋት፣ አንቺም ተውሻት፤ ይኸው ጨርቅ ፈርታ አልጋ ሥር ገባች።»

የልጅቷን እናት ቤተ ዘመዱ ሁሉ ቁንዶ ይላታል። ገና ዳዴ ስትል ጀምሮ እንደ ቁንዶ በርበሬ ታቃጥላለች ብሎ ያወጣላት አባቷ ነው። ዛሬ ግን የሚያቃጥል ነገር አልቀራትም። እትዬ ወጥተው በሩን ሲዘጉ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኛችና ፊቷን ወደ አልጋው ሥር አዞረች።

«ጥጤ፤» ብላ ልጇን ጠራች።

«አንገቱ ጋ ይወጋል። ጎኑ ጋ ይኮሰኩሳል። የሱቅ ሽታ አለው።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ አባባ ጋ ትሄጃለሽ ብለሽኛል።»

«ትሄጃለሽ።»

«ምን ለብሼ?»

በቀብሩ ዕለትም የሚለበስ ጠፍቶ ልጅቷ ጎረቤት ቀርታለች። ሱሪዋ ገና አልጠበባትም፤ ችግሩ ከወገብ በላይ ነው። ከልብስ ሁሉ እሺ ብላ የምትለብሳት ያቺ ቢጫ ሸሚዝ ብቻ ነበረች፤ እሷም እጅጌዋ ክርን ጋ ደርሶ፣ ብብቷ ተቀዶ አልቃለች። ልጅቷ አያቷን ሳትሰናበት ከቀረች፣ ቁንዶ ይህን ለራሷ ይቅር የምትል አልመሰላትም።

ድሮ ጠዋት ጠዋት እዚህ ቤት ጦርነት ነበር። ቁንዶ ያልዞረችበት ሱቅ፣ ያልቆረጠችው የአንገት ምልክት፣ ያልገለበጠችው ካልሲ አልነበረም። የልጅቷ ሐኪም ነገሩን ስታስረዳት «እልኸኛ ሆና አይደለም፤ ለእኛ የማይሰማን ለእሷ ይሰማታል» አለቻት። ደግ ንግግር ነው፤ ግን አይለበስም። ቁንዶ ልጇን አቅፋ፣ ልጅቷ ራቁቷን፣ ሁለቱም ሲያለቅሱ የረፈደባቸው ቀን ብዙ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን፣ የአውቶቡስ ሾፌር የነበረውና ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከእነሱ ጋር የሚኖረው አባቷ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። አንዲት ለስላሳ ሸሚዝ ነበረች። ጥጤ ጉንጯን አሻሸችባት፣ ለበሰቻት፣ ወጥታም ተጫወተች። ቁንዶ በሩ ላይ ቆማ ማመን አቃታት።

«ከየት አመጣኸው አባዬ?»

«ቦታ አለኝ።»

«የት? ንገረኛ፣ ደርዘን ልግዛላት!»

«ቁንዶዬ፣ ሾፌር ያደርሳል እንጂ መንገድ አያብራራም። ቦታ አለኝ አልኩሽ።»

ምን ብትለምነው፣ ብትቆጣው ሌላ ቃል አልወጣውም። ልጅቷ ስታድግ ሌላ ልብስ ያመጣል፣ የመጨረሻዋም ቢጫዋ ሸሚዝ ነበረች፤ ስትጠይቀው ግን ያችኑ ቃል ይላል። አሁን ቦታውን ይዞት ሄደ።

ሳሎን ስትመለስ ከአባቷ ጋር ዕድሜ ልካቸውን ትኬት የቆረጡት ሽማግሌ ጨዋታ ይዘው ነበር። በለቅሶ መሀል ሳቅ የሚፈቀድለት ሰው አለ፤ እሳቸው እንዲያ ናቸው።

«ግልብጥ ነበር የምንለው፤» ይላሉ። «ከዩኒፎርም ኮቱ ሥር ሸሚዙን ገልብጦ ነው የሚለብሰው። ስፌቱ ውጭ! ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን መኪናው አንድ ጭረት አልነካትም። እኛ ምን አልን? የዕድል ነገር ነው አልን። ቀስ በቀስ ጋራዡ በሙሉ ሸሚዙን ገለበጠ። መካኒኮቹ ሳይቀሩ! ኃላፊው አንድ ቀን ኮት አስወልቆን ሲያይ፣ አንድም ሰው በደንቡ የለበሰ የለም።»

እንግዶቹ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ቁንዶ አልሳቀችም። አባቷ ሁልጊዜ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነበር የምታውቀው፤ ሸሚዙን አይታ አታውቅም። ሾልካ ወጣችና የተቀደደችውን ቢጫ ሸሚዝ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አነሳች። ለካ የሷም ስፌት ወደ ውጭ ነው። ስታጥባት፣ ስትሰቅላት ኖራ፣ ተገልብጣ የደረቀች ነበር የሚመስላት። ይህ የሱቅ ሥራ አይደለም፣ የሰፋውም ሰው ሩቅ ሊሆን አይችልም ብላ መንገዱን ተሻግራ ወደ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ ሄደች።

ልብስ ሰፊው ሸሚዟን ገና ከሩቅ ሲያያት ከስፌት መኪናው ተነሳ።

«ነፍሱን ይማረው። እኔ ነኝ የሰፋኋት።»

«ጨርቁን ከየት ነው የምታመጣው? ቦታ አለኝ ይለኝ ነበር። በናትህ፣ የት ነው?»

«እኔማ መቀስና መኪና ብቻ ነኝ። ጨርቁን ተኝቶበት ነው የሚያመጣልኝ።»

«ምን አድርጎበት?»

«ተኝቶበት። አንሶላ ያደርገዋል። አዲስ ጥጥ ይገዛል፣ ያጥባል፣ ይተኛበታል፤ ያጥባል፣ ይተኛበታል። ከዚያ ልጅቷን ጉንጯ ላይ ያስነካታል። ገና ነው ካለችው ተመልሶ ይተኛበታል። ደርሷል ስትለው ወደ እኔ ይመጣል። ስፌቱን ወደ ውጭ አድርገው ሲለኝ መጀመሪያ ተጣልቼዋለሁ፤ ሰው ሲያየው ሥራውን የማያውቅ ሰፊ ነው ይለኛል ብዬ።»

ቁንዶ የጨርቅ መቁረጫው ጣውላ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አያትና ልጅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው «ገና ነው? ደርሷል?» ሲባባሉ ስንት ጊዜ ሰምታለች። የእንቆቅልሽ ጨዋታ ነበር የመሰላት።

«ለኔ ለምን አልነገረኝም?»

ልብስ ሰፊው አንገቱን አሸ። «‹ቁንዶ ልጄን አሮጌ አንሶላ ታለብሳላችሁ ብላ ሁለታችንንም ታቃጥለናለች› አለኛ።»

እውነቱን ነው፤ ታቃጥላቸው ነበር። አባቷ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ሲላት ተስፈንጥራ ተነሳች። አልጋው! አባቷ ሲሞት አልጋው ላይ የነበረው አንሶላ!

ጓሮ ስትደርስ የአልጋው ሁለት አንሶላዎች ገመድ ላይ ነበሩ። ነፋስ አለ፤ እነሱ ግን እንደ ቆርቆሮ ቀጥ ብለው አይንቀሳቀሱም። እትዬ አጠገባቸው ቆመው በሥራቸው ተደስተዋል።

«የሩቅ እንግዳ ይተኛበታል ብዬ አፈላሁት። አሚዶም አስገባሁበት። ያባትሽ አልጋ እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ እስቲ ንኪው!»

ቁንዶ ነካችው፤ ወረቀት ሆኗል። አባቷ ወራት ገላውን አሳርፎ ያለሰለሰው ጨርቅ በአንድ ቀን ትጋት ወደ ሱቁ ተመልሷል። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ የእትዬን እጅ አየች። በሳሙናና በፍል ውሃ ብዛት ቆዳው ተልጧል። አፏን ዘጋችና ልብስ ሰፊው ያላትን ሁሉ ቀስ ብላ ነገረቻቸው።

እትዬ የአንሶላውን ጠርዝ ይዘው በጣታቸው አሹት።

«እሱም እንዲህ ነበር፤» አሉ። «ልጅ ሆኖ። ሹራብ ሲያለብሱት ያበደ ይመስል ነበር። እናታችን ትገርፈዋለች፤ እጁን የምይዘው እኔ ነኝ። ኋላ ዝም አለ። ተሻለው ብለን ነበር እኮ።» አንሶላውን ለቀቁት። «አልተሻለውም። ገልብጦት ነው የኖረው።»

ቁንዶ ትከሻቸውን አቀፈች። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ከደረቀው አንሶላ ሥር ቆመው አለቀሱ። ከዚያ ቁንዶ ቀና አለች።

«ትራሱስ? የትራሱን ልብስ አጠቡት?»

«የታባቷ ሰጥታኝ! አልጋ ሥር ይዛው ገብታ የለ!»

ቁንዶ እንደገና በሆዷ ተኛች። ጥጤ ትራሱን እንዳቀፈች ነው። ልብሱ ብዙ ታጥቦ የደበዘዘ ውሃ ሰማያዊ ነው።

«ጥጤ፣ ይሄ ጨርቅ ገና ነው ወይስ ደርሷል?»

ልጅቷ ጉንጯን አሻሸችበት፤ አልቸኮለችም። «ደርሷል። አባባ ሊያሰፋልኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

እትዬ ከኋላ ሆነው በሐዘናቸው መሀል «ወይ የእናት ልጅ!» አሉ።

«ልብስ ሰፊው ጋ እንውሰደው?»

ጥጤ ትራሱን አጥብቃ ያዘች። «በመቀስ ይቆርጠዋል። አባባ፣ አባባ ነው የሚሸተው።»

ቁንዶ አባቷ ቢሆን ምን ይል እንደነበረ ታውቃለች። «እዚህ አቅፈሽው ብትቀሪ፣ አንቺም እሱም አልጋ ሥር ናችሁ። ከለበስሽው አብራችሁ ትወጣላችሁ።»

ልጅቷ ብዙ አሰበች። ከዚያ ትራሱን ከልብሱ ውስጥ ራሷ ጎትታ አወጣችው።

በማግስቱ መቃብሩ ጋ ጥቁር ከለበሰው ሕዝብ መሀል አንዲት ውሃ ሰማያዊ ሸሚዝ ነበረች፣ ስፌቷ ውጭ። ከኋላ ሹክሹክታ ሲጀመር እትዬ ዞረው ባንድ እይታ ጸጥ አሰኙት። ትኬት ቆራጩ ሽማግሌ ልጅቷን ሲያዩ ጎንበስ ብለው ኮታቸውን ከፈት አደረጉላት። ሸሚዛቸው ተገልብጧል።

«ለዕድል ነው፤» አሏት።

«ለዕድል አይደለም፤» አለች ጥጤ፣ «እንዳይኮሰኩስ ነው።»

ሽማግሌው ሳቅ ይዟቸው ቀና አሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን አዙረው መሀረብ ፈለጉ። ልጅቷ አያቷ የተኛበት አፈር ላይ መዳፏን ዘርግታ አሳረፈች። ይሻክራል። ቢሆንም ቶሎ አላነሳችውም።

የሐዘኑ ቀናት አልቀው የተዋሱት ወንበር ሲመለስ፣ ቤቱ ድንገት ሰፋ። እትዬ ቦርሳቸውን ሸክፈው በር አጠገብ አስቀምጠዋል። አሚዶው እስኪለቅ አንሶላዎቹን ደጋግመው ያለቀለቁት እሳቸው ናቸው፤ አንዱን ቁንዶ ወስዳ አልጋዋ ላይ አንጥፋዋለች። ጥጤ ሁለተኛውን ከገመድ አውርዳ እየጎተተች ገባች። ጉንጯን አሻሸችበት።

«ገና ነው፤» አለች።

ከዚያ አያቷ ክፍል ወስዳ አልጋው ላይ ዘረጋችው፣ አንዱ ጎን ረዝሞ፣ ሌላው አጥሮ። በሩ ላይ ወደ ቆሙት እትዬ ዞረች።

«ይተኙበት።»

«እኔ? እኔማ ልሄድ ነው ልጄ፤ መኪናውም—»

«አባባ የለም፤» አለች ልጅቷ።

እትዬ ቁንዶን አዩ። ቁንዶ ቦርሳውን ከበሩ አንስታ ወደ ውስጥ መለሰችው። አሮጊቷ ጫማቸውን አወለቁ፣ በጎናቸው ጋደም አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለረጅም ጊዜ አላቆመም።

«አረጠብኩብሽ፤» አሉ ኋላ፣ ሳይዞሩ። «እንባ በእንባ አደረግሁብሽ።»

«ይታጠባል፤» አለች ጥጤ፣ የተጨማደደውን ጠርዝ ከእግራቸው ሥር ስባ እያቃናች።