በሦስት ሽቦ የወረደ ዜማ

ሰፈሩ ሁሉ ፒንሳ ይላታል። የተበላሸ ዕቃ ጠጋኝ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም አንዴ ከያዘ አይለቅም። ሙያውን ያስተማራት ሰው የለም። ከተጣሉ ሬዲዮኖችና ኮምፒውተሮች ሆድ ዕቃ ለቅማ ነው የተማረችው፤ ይህንንም ላልጠየቃት ሰው ሳይቀር ትናገራለች።

ከመሥሪያ ክፍሏ በላይ ልብስ ሰፊ አክስቷ ትኖራለች። ከአክስቷ ስፌት መኪና አጠገብ የሟች ባሏ አሮጌ ኮምፒውተር ቀን ከሌት ያጉረመርማል። ባልየው ሰዓት ሠሪ ነበር። በዚያ ኮምፒውተር ኖታ በኖታ ለሚስቱ አንድ ዜማ ሲሠራላት፣ ሥራው ሳያልቅ የኮምፒውተሩ ድምፅ ጠፋ። እሱ ግን በዝምታ ቀጥሎ ጨረሰው። አክስት ዜማዋን በዓይኗ እንጂ በጆሮዋ አታውቃትም፤ ስክሪኑ ላይ ወፎች ሽቦ ላይ እንዳረፉ ሆነው የተሰለፉ ነጥቦች ናቸው።

አሁን ዜማውን የያዘው ሃርድ ዲስክ መንኳኳት ጀመረ። ፒንሳ ጆሮዋን ለጥፋ አዳመጠችና፣ አንዴ ከጠፋ ዳግመኛ እንደማይነሳ ቁርጡን ነገረቻት። ሌላ ኮምፒውተር እዚያው እንዳይሰካ የክፍሉ ፊውዝ ሁለት አይችልም፤ ከወደቀ አሮጌውም አብሮ መጥፋቱ ነው። አሮጌው ደግሞ ፍላሽ አያውቅ፣ የኔትወርክ መሰኪያ የለው። ከጀርባው የቀረችው አንዲት ሲሪያል ፖርት ብቻ ናት፤ መረጃን አንድ በአንድ በተራ የምታሳልፍ የድሮ መሰኪያ።

«በዚህች አወርደዋለሁ» አለች ፒንሳ።

አክስቷ ጎንበስ ብላ ቀዳዳዎቿን አየች። «በዚህች? የኔ መርፌ እንኳ አያልፍባትም።»

«አንቺ በክርሽ፣ እኔ በሽቦዬ።»

ሦስት ሽቦ በመስኮት ወደ መሥሪያ ክፍሏ ኮምፒውተር አወረደች፤ አንዱ መናገሪያ፣ አንዱ መስሚያ፣ አንዱ የጋራ መሬት። የላይኛው የሚናገርበት ታችኛው የሚሰማበት ላይ እንዲያርፍ አጣመረቻቸው፤ አፍ ለአፍ ከገጠሙማ ማን ማንን ይሰማል? ለሁለቱም የአድራሻ ቁጥር ሰጠቻቸው። ሁለት ቤት ብቻ ያለው ኔትወርክ ተመሠረተ።

ፍጥነቱን ግን በኩራቷ ልክ አደረገችው። መስመሩ ተያያዘ፣ ወዲያው ተበጠሰ። ደግማ ብትሞክርም ያው ነው። በሞከረች ቁጥር ዲስኩ ከላይ ያቃስታል። አክስቷ በመስኮት አንገቷን አውጥታ እያመመው እንደሆነ ስትነግራት፣ ፒንሳ ሽቦውን ረገመችው፤ ራሷ ለክታ እንዳልቆረጠችው። አንድ ጊዜ ዲስኩ ሲጮህ ግን እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። ጥርሷን ነክሳ ፍጥነቱን አወረደች፣ አሁንም አወረደች፤ ኤሊ ልትስቅበት እስከምትችል ድረስ።

ያኔ ተያያዘ፤ ጸናም።

ውጭ ዝናብ ጀመረ። በጠረጴዛዋ ላይ ትንሿ ቀይ መብራት ብልጭ፣ እልም ትላለች። ፒንሳ አገጯን በክንዷ አስደግፋ ስታያት፣ ዓይኗ ከበዳት። ሰዓት ሠሪው በሽቦው ላይ ሲወርድ ታያት። በመዳፉ አንዲት የሰዓት ጥርስ ይዟል። ጠረጴዛዋ ላይ ያኖራትና ይመለሳል፤ ሌላ ይዞ ይወርዳል። መንገድ ላይ የተሰነጠቀች ሲያመጣ በጣቷ ወደ እሱ ትገፋለታለች። እሱም ሳያጉረመርም፣ ጫማው በዝናቡ ሳይረጥብ፣ ያችኑ ደህናዋን ሊያመጣ ሽቅብ ይወጣል። በእንቅልፏ እንኳ «ቀስ» ትለዋለች፤ እሷ፣ በሕይወቷ ማንንም «ቀስ» ብላ የማታውቅ።

ስትነቃ መብራቷ ቆማለች። ዜማው ተጠናቆ ደርሷል፤ ሁለቱ ማሽኖች በመጨረሻ የተለዋወጡት ማረጋገጫ ቁጥርም አንድ ዓይነት ነው። ከላይ ግን የሚያንኳኳ የለም።

አክስቷ ክር አንገትጌዋ ላይ እንደተንጠለጠለ ወረደች። «ዝም አለኮ» አለች፣ በርጩማው ላይ ቁጭ እያለች። ፒንሳ ዜማውን ከፈተችላት።

ቀላል ዜማ ነበር፤ እየቆመ የሚያስብ፣ ከዚያ የሚራመድ። አክስት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማች። መዝጊያው ላይ ሲደርስ አንዲት ኖታ ከሌሎቹ አምልጣ ወጣች፤ ደረጃ እንደሳተ እግር።

የፒንሳ ፊት ጋለ። «መስመሩ አይደለም» አለች ቶሎ ብላ። «መስመሬ የተበላሸ ነገር አያስገባም፤ ከላይም እንዲሁ ናት። አንድ ኖታ ናት፣ አሁን አስተካክላታለሁ።»

ጣቷ ኪቦርዱ ላይ ሳይደርስ አክስቷ አንጓዋን ያዘቻት።

«ድምፁ ጠፍቶ ጆሮው የተዘጋበት እዚያ ጋ ነው፣ ልጄ። አትንኪያት።» ከዚያ ከመጀመሪያው እንድትከፍትላት ጠየቀች።

ሰሙት። እንደገናም ሰሙት። በሦስተኛው አክስት ወደ ድምፅ ማጉያው ጠጋ አለች፤ ከንፈሯ ሳቅ ያዘው።

«አሁን ይስታል» አለች በሹክሹክታ። ሳተም።