«ችግር የለም»

ደብዳቤው የምስጋና ነበር፤ ጉድ እኮ ነው! የቶኪዮው መድኃኒት አከፋፋይ፣ «የትእዛዝ መቀበያው ሶፍትዌር በዘጠኝ ዓመት አንዴም ስላልተበላሸ ይህን ያህል ባለሙያ አያስፈልገውም፤ በርካሽ ለሚሠሩልን ለሃኖይ ልጆች አስረክቡ» ይላል። ዳልያን ከተማ ባለው ቢሮ የሚሠሩት ስምንቱም ባለሙያዎች በወሩ መጨረሻ ይሰናበታሉ።

ከስምንቱ አንዷ ጉ ሹፌን አንብባ ሳቀች፤ ወዲያው እንባዋ መጣ። አልተበላሸም? በየማለዳው የሆስፒታሎቹ ትእዛዝ እየተደራረበ ተቆልፎ አላልፍ ይል አልነበር! ቶኪዮዎች ቢሮ ከመግባታቸው በፊት በመጀመሪያው አውቶቡስ እየመጣች አንድ በአንድ የምትፈታው እሷ ናት። ጥፋቱ ያለው የቶኪዮው ኃላፊ ኩዋባራ ሳን ራሳቸው በነደፉት ክፍል ላይ ነው። መጀመሪያ ያገኘችው ጊዜ አለቃዋ ኦውያንግ፣ «የደንበኛ ገመና አይገለጥም፤ ዝም ብለሽ አስተካክይ» አሏት። አስተካከለች፤ ለቶኪዮ በሚላከው የዕለት ሪፖርት ላይም «ችግር የለም» ብላ ፈረመች። በማግስቱም፣ በዓመቱም እንዲሁ። እናቷ የተቀበሩ ዕለት እንኳ መጀመሪያ ቢሮ ገብታ ፈትታ ነው የሄደችው፤ ሞኝ! በገዛ ዳቦ ልብ ልቡን ማጣት ማለት ይኸው ነው።

አሁን አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። በዚህ ሙያ ሠላሳ አምስት ያለፈውን ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

«እትዬ፣ ዛሬ ካልተናገርሽ አለቀልን» አላት ከጎኗ የሚሠራው ባይ ጁን። «ሚስቴ ሰባት ወሯ ነው። በሞቴ ተናገሪ!»

የርክክቡ ስብሰባ ተጀመረ። ኩዋባራ ሳን በስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብለው አመሰገኑ። ኦውያንግ ነገሩ ገብቷቸው ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጧት። ሹፌን ግን ተነሣች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሶፍትዌሩ በየቀኑ ይቆማል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የማስነሣው እኔ ነኝ። እኛ ከሄድን መድኃኒቱ ሆስፒታል አይደርስም።»

የኩዋባራ ሳን ፊት ቀላ። «ሪፖርቱ ላይ የፈረሙት እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ወይ ያኔ ዋሽተዋል፣ ወይ እንጀራዎ እንዳይቀር ዛሬ እየዋሹ ነው። የትኛው ነው?»

ሁለት ሺህ ጊዜ የፈረመችበት ወረቀት በራሷ ላይ መሰከረባት። ኩዋባራ ሳን የወሩን መጨረሻ እንኳ አልጠበቁም፤ የስምንቱንም የይለፍ ቃል በዚያው ዕለት አዘግተው ሥራውን ለሃኖዮቹ ሰጡ። ባይ ጁን የሻይ ብርጭቆውን ጠቅልሎ ቻው ሳይላት ወጣ።

በማግስቱ ማለዳ ሹፌን ልማድ ሆኖባት መጣች። የቢሮው በር ካርዷን አልቀበል አለ። እዚያው ቆማ ሳለ ስልኳ ጠራ።

«ሹፌን፣ ጉድ ፈላ!» አሉ ኦውያንግ። «ተቆልፏል። ኩዋባራ ሳንም ሃኖዮቹም መስመር ላይ ናቸው። እባክሽ አሳዪያቸው።»

«ወደ ሥራችን ይመልሱናል?»

«እሱማ የለም።»

ልትዘጋው ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ መድኃኒት የሚጠብቀው ሕመምተኛ ትዝ ሲላት ደረጃው ላይ ተቀመጠችና አንድ በአንድ አስረዳች። ትእዛዙ ተፈታ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለች የሃኖይዋ ልጅ። «ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ሹፌን አፏን ሳትከፍት ኩዋባራ ሳን ቀደሟት።

«ችግር የለም ብለሽ ጻፊ» አሉ።