በሩ ላይ የቀረችው እናት

አያለች የእናቷን ሞት የሰማችው እስራኤል ውስጥ፣ ቂርያት ጋት በምትባል ከተማ፣ ከሕንፃቸው ሥር ካለው የሕዝብ ስልክ ደውላ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህቷ ማንአለብሽ እያለቀሰች፣ «አርባዋ ሳይወጣ አንነግራትም ብለን ነው፤ አትቀየሚን» አለቻት።

«እሺ» አለች አያለች።

ስልኩን ዘግታ ወደ ልብስ ፋብሪካው ሄደች። እንደ ወትሮው እጅጌ ከትከሻ ስትገጥም ውላ ተመለሰች። ለባሏ ለአግደው የነገረችው እራት ከተበላ በኋላ፣ ሳህን እያጠበች ነው። አግደው ደንግጦ ተነሣ፤ እሷ ግን ቧንቧውን አልዘጋችም። እንባ አልመጣላትም።

አያለች ጎንደር ውስጥ በክርስትና ያደገች ናት። ቤተ እስራኤል የሆነውን አግደውን ስታገባ እናቷ መርቃ ድራታለች። በግንቦት 1983 ለእስራኤሉ ጉዞ ሲጠሩ፣ ክርስቲያንነቴ ከታወቀ ከልጆቼ ይለዩኛል ብላ ፈራች፤ በዋዜማው ማተቧን በጠሰች። በማግሥቱ አዲስ አበባ፣ ተጓዦቹ በሚገቡበት የእስራኤል ኤምባሲ በር ላይ እናቷ ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ልትሸኛት መጣች።

«እኚህ ሴትዮ ያንቺ ናቸው?» አላት ጠባቂው።

«አላውቃቸውም።»

እናቷ ሰማች። ቋጠሮዋን እንደያዘች ወደ ኋላ ተመለሰች። አያለችም ዞራ ሳታያት ገባች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጸለየች አይባልም። የከለከላት የለም፤ አፏ እንቢ አላት። በበዓል ቀን ከአግደው ዘመዶች ጋር ምኩራብ ትሄዳለች፤ ሲቆሙ ትቆማለች፣ ሲቀመጡ ትቀመጣለች። ልቧ ግን እዚያም አልነበረ፣ ቀድሞ በነበረበትም አልነበረ።

መርዶውን ከሰማች ሁለት ወር ገደማ ሲሆናት ለማንአለብሽ ደወለች።

«እማዬ ስለሄድንበት ቀን ምን አለቻችሁ?»

«ምን ትላለች! ጠባቂው አላስጠጋ አለኝ፣ ልጄ ልታቅፈኝ ስትታገል ገፍተው አስገቡብኝ ነው ያለችው። እስክትሞት ድረስ ለጠየቃት ሁሉ ይህንኑ ትናገር ነበር። ምነው?»

የአያለች የስልክ ካርድ አለቀ። እጀታውን ይዛ ቆማ ቀረች። እናቷ ነውሯን ሸፍናላት ሞታለች።

ቤት ስትገባ አግደውን፣ «ኢየሩሳሌም ወዳለው ቤተ ክርስቲያናችን ልሄድ ነው» አለችው።

«ሰው ቢያይሽስ?» አላት አግደው።

«ይየኝ።»

«የምትሄጂው ዓርብ ከሆነ፣ ሰንበት ስለሚገባ አውቶቡሱ ቶሎ ያቆማል» አለ። «የመጨረሻው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠይቂ፤ እዚያ እንዳትቀሪ።»

ዓርብ ዕለት ጫማዋን አውልቃ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ቆመች። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ መጥተው፣ «ከየት ነሽ ልጄ?» ሲሏት፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው፤ ማተቡን፣ በሩን፣ እናቷ የሸፈነችላትን።

«አባቴ፣ አሁንም ምንም አይሰማኝም» አለቻቸው። «ደርቄያለሁ።»

«ይሰማሻል ወይ ብሎ የጠየቀሽ አለ? ደርቀሽም ቢሆን መጥተሻል።» መስቀላቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ። ቁርባኑ ይቆየን። ለጊዜው አባታችን ሆይን ጠዋትና ማታ ድገሚ፤ ለእህትሽም እውነቱን ንገሪያት።»

መስቀሉን ተሳለመች። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ስትመለስ በአውቶቡሱ መስኮት የሚያልፈውን የሱፍ አበባ እርሻ እያየች፣ ምሕረት ያገኘ ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚሆነው ብላ አሰበች።

ለማንአለብሽ ነገረቻት። ማንአለብሽ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትደውልላት አነሣች፤ ስለ በሩ ግን አላነሡም፤ ስለ እናታቸው መቃብር ድንጋይ ብቻ ተነጋገሩ።

ጸሎቱን ስትጀምር «በደላችንን ይቅር በለን» ከሚለው ቦታ ስትደርስ ምላሷ ይያዝ ነበር። ትታው ወደ ሥራ ትሄዳለች፤ ማታ እንደገና ትጀምረዋለች። አንድ ምሽት፣ የእራቱን ሰላጣ እየከተፈች፣ ሳታስበው ያንን ቦታ አልፋ እስከ መጨረሻው ደረሰች። ቢላዋውን አስቀመጠች።

አግደው የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያዳምጣት ነበር።

«ጨረስሽ?» አላት በዝግታ።

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያ ልጆቹን ለእራት ልጥራ» አለና ወጣ።