እስከ መጀመሪያው ጥርስ

በእኛ በመንዝ ልጁን የሚያጫውት አባት ይታማል። አባት ይመርቃል፣ ይቆጣል፣ ሥራ ያዛል፤ ከዚያ ካለፈ ሚስቱ ምን አስነክታው ነው ይባላል። ባሌ ትዕዛዙ ግን ሐሜት የማይገደው ሰው ነበር። ሥራው ባና መሥራት ነው፤ ያንን ከበግ ጠጉር የሚሸመነውን ወፍራም ብርድ ልብስ። ሌላው ወንድ እርሻ ሲውል እሱ ቤት ስለሚውል፣ የመጀመሪያ ልጃችን ናሁሰናይ ያደገው ከሽመናው አጠገብ ነው ማለት ይቻላል። ትዕዛዙ ጥቂት ይሸምንና መወርወሪያውን ጥሎ ይነሳል። የጠጉር ከረጢት ውስጥ ጭንቅላቱን ከቶ እንደ በግ ይጮኻል፤ ልጁ በሳቅ ይፈርሳል።

እኔ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከልጅ ጋር መጫወት ይሰለቸኛል። ማብላት፣ ማጠብ፣ አዝሎ ማስተኛት እችልበታለሁ፤ አንዱን ድብብቆሽ ደጋግሞ መጫወት ግን ምኑ እንደሚጥም ገብቶኝ አያውቅም። ትዕዛዙ ግን ልጁ ደክሞት ሲተወው እንኳ "አንዴ ብቻ እንድገም" ብሎ የሚለምን ሰው ነበር።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ኩፍኝ ገባና ናሁሰናይን ወሰደብን። ቆይታ እፀገነት ተወለደች። ባሌ ከእሷም ጋር ልጅ ሆነ። አንድ ቀን አውድማ ላይ ወደ ላይ እየወረወረ ሲቀልባት፣ ገብስ የሚወቃው ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ሳቀ። አንዲት አሮጊት "አቤት መዋደድ" አሉ። በሳምንቱ ሳል ጀመራት፤ የገና በዓል ሳይደርስ ቀበርናት።

ከቀብር መልስ ትዕዛዙ "በጨዋታዬ ዓይን የጠራሁባቸው እኔ ነኝ" አለ።

"በኩፍኙ ያለቁትን የጎረቤት ልጆችስ ማን አጫወታቸው?" አልኩት።

አልሰማኝም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ጽናት ስትወለድ ለመድኃኔዓለም ተሳለ። ይህችን ቢያኖርለት፣ የመጀመሪያ ጥርሷ እስኪወልቅ ድረስ ላያቅፋት፣ ላያጫውታት፣ በቁልምጫ ላይጠራት። ሁለቱም የሞቱብን ጥርስ ሳያወልቁ ስለነበር፣ ያንን ካለፈች ሞት አይመለስባትም ብሎ አመነ። የሌላ ሰው ልጅ መስላ ከሞት እንድታመልጥም "አባባ" ሳይሆን "ጋሼ" እንድትለው አደረገ።

የነፍስ አባታችን መምሬ አፈወርቅ ሲሰሙ ደንግጠው መጡ። "ልጄ፣ እግዚአብሔር በሕፃን ሳቅ አይቀናም። ከስለቱ እኔ ልፍታህ፤ በምትኩ ጧፍ ታበራለህ" አሉት።

"አባቴ፣ እርስዎ ሁለት ልጅ ቀብረው ቢሆን እንዲህ አይሉኝም ነበር" አላቸው። መምሬም መስቀላቸውን አሳልመውት ሄዱ።

ጽናት መዳህ ስትጀምር ወደ ሽመናው ትሄዳለች። ክሩን ይዛ ልትቆም ስትል እግሩን ይሰበስብና "ጌታነሽ፣ ውሰጃት" ይለኛል። እያለቀሰች እወስዳታለሁ። ስንት ቀን ልሰድበው አስቤ፣ ፊቱን ሳይ ትቼዋለሁ። ቆይታ ወደዚያ መሄዷን ተወች። ማልቀሷንም ተወች።

እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ጆሮው ደጅ ነው። እራት ሳቀርብ "ዛሬ ምን ተጫወተች?" ይለኛል።

"ምኑን አውቄ። ከጎረቤታችን ከጥሩሸዋ ልጆች ጋር ስትሮጥ ነው የዋለችው።"

"ምን እየተባባሉ?"

"ትዕዛዙ፣ ተወኝ እስቲ።"

ቆሎ ስትበላ ጥርሷ ተነቃንቆ እንደሆነ አፍ አፏን ያያል። እሷ ደግሞ ብዙ በላሽ ያላት እየመሰላት የያዘችውን ወደ ሰፌዱ ትመልሳለች። እንግዳ ሲመጣ ውኃ ታስታጥባለች፣ ጉልበት ስማ ጥግ ትቆማለች። "ምን ያለች ጨዋ ልጅ ሰጥቷችኋል" ይሉናል። ያኔ ባሌ አንገቱን ይደፋል።

ክረምቱ ወጥቶ አደይ በፈነዳበት ሰሞን፣ ጽናት ከደጅ ገብታ መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ። ጥርስ ነው። እንደ ልጅ ወጉ ወጥታ የጓሳ ሣር ክዳናችን ላይ ወረወረችው። እኔ ወደ ባሌ ሮጥኩ።

"ወለቀ" አልኩት።

ከሽመናው ተነሳ። እጁን ታጠበ፤ ጋቢውን አወለቀና መልሶ ለበሰው። ሙሽራ እንኳ ሆኖ እንዲያ ሲጨነቅ አላየሁትም። "ምን ልበላት?" አለኝ።

"ምንም አትበላት። ተጫወት።"

በሩ ላይ ቆመና "ጽንዬ" ብሎ ተጣራ። ልጄ ማንን እንደጠራ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። ማንም አለመኖሩን ስታይ መጣች፤ ገብታ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

"አቤት፣ ጋሼ።"

ትዕዛዙ ጋቢውን ጣለና ወለሉ ላይ በእጁና በጉልበቱ ተንበረከከ። ጀርባውን ሰጥቷት ጠበቀ። እኔ ከምድጃው ዳር ሆኜ "ፈረስሽ ነው፣ ውጪበት፣ ልጄ" እላለሁ በሆዴ።

እሷም ጎንበስ ብላ አየችው። "ምን ጠፋብዎት፣ ጋሼ? ልፈልግልዎት?"

"መርፌ" አላት ትዕዛዙ፣ እንዳቀረቀረ።

ጽናት ቶሎ ተንበረከከች። በትናንሽ ጣቶቿ ጭድና ጠጉሩን እየገለጠች፣ ጥጋ ጥጉን እየዳበሰች ፈለገችለት። እሱም ከጎኗ ሆኖ የሌለውን መርፌ ይፈልጋል። ከተወለደች ጀምሮ እንዲያ ተጠግቷት አያውቅም። ዓይኑን ከፊቷ አላነሳም፤ እሷ ግን ወለሉን ነበር የምታየው።

ጥቂት ቆይታ ተነሳች። "የለም፣ ጋሼ። የእማዬን ላምጣልዎት" አለችና ከግድግዳው ነቅላ አመጣች። በሁለት እጇ፣ ዝቅ ብላ ሰጠችው። "ሂጂ ተጫወቺ" የሚላት ቢመስላት ጊዜ ትንሽ ጠበቀች፤ ምንም ሳይል ሲቀር ራሷ እጅ ነስታ ወጣች።

ወዲያው ከጥሩሸዋ ልጆች ጋር ስትስቅ ከደጅ ተሰማን። ባሌ መርፌዬን ይዞ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ልቀበለው እጄን ብዘረጋ አልሰጠኝም።