ወንድ የሌለበት ቤት

«ቤቱ ውስጥ ወንድ አለ?» ብላ ጠየቀች ልጅቷ።

«የለም» አለቻት ዶብሪላ።

«ባልሽስ?»

«ባሕር ላይ ቀረ፤ ነፍሱን ይማረው።»

«ወንድምም የለሽ?» ያለቻት ይመስለኛል፤ ወይም ደግሞ «ሌላ ቁልፍ የያዘ ሰው አለ?» ነው ያለቻት። ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ልጅቷም ከሆላንድ ትሁን ከዴንማርክ ተምታቶብኛል። የእጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጣብቃ እንደያዘች ግን አልረሳም። የዶብሪላን መልስም አልረሳም፦ «ማንም የለም። እኔና እመቤታችን ብቻ ነን።»

እኔ ከደሴት የሚመጣ ዘመድ ልቀበል ወደቡ ላይ ቆሜ ነበር። የልጅቷን ሻንጣ ይዞ ከዶብሪላ ኋላ የቆመው የገዛ አባቷ ባርባ ሎቭሬ ነው፤ «ባርባ» የምንለው አዛውንትን በአክብሮት ስንጠራ ነው። ሰምቷል። ሻንጣውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረና ወደ ባሕሩ ተመለከተ። ከዚያ እንደ ተራ ተሸካሚ ተከተላቸው።

እኛ የወደብ ከተማዋ የስፕሊት ሰዎች፣ በተለይ የቫሮሽ ሰፈር ነዋሪዎች፣ በጋ ሲገባ ከቤታችን እንወርዳለን። ደህና ደህናውን ክፍል ለእንግዳ ሰጥተን ራሳችን ምድር ቤት፣ የወይን በርሜልና የዓሣ መረብ ያለበት እንተኛለን። ሴቶቻችን «ክፍል አለ» የሚል ካርቶን ይዘው መርከብ ይጠብቃሉ፤ እንግዳው ገና ከመሰላሉ ሳይወርድ ሻንጣውን ቀድማ የያዘች ሴት እንግዳውን ይዛዋለች ማለት ነው። ይህ የማንም ነውር አይደለም። ልጆቻችን እንዲያውም ምድር ቤት መተኛቱን እንደ ጨዋታ ነው የሚወዱት። «እኛ ከታች ነን፤ ከፈለጋችሁ አንኳኩ» እንላለን፣ አለቀ።

ዶብሪላ ብቻ እንዲህ አትልም። ብቻቸውን የሚጓዙ ሴቶች ወንድ የሌለበት ቤት እንደሚመርጡ ያን ቀን ገባት። አንዴ የተናገረችውን ደግሞ በየዓመቱ መናገር ነበረባት፤ እንግዶቹ ለጓደኞቻቸው «እዚያ ቤት ሂዱ፣ ሴትዮዋ ብቻዋን ናት» እያሉ ይልኳቸዋልና።

በሚጠይቁት ሴቶች አልፈርድም። ሰው በማያውቀው ከተማ፣ በማያውቀው ሰው አልጋ ላይ ነው ጎኑን የሚያሳርፈው። መንገዱ መብራት አለው ወይ፣ በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው ወይ፣ ቁልፉ በማን እጅ ነው፤ ይህን ሳትጠይቂ ሻንጣሽን እንዳታወርጂ ብዬ ልጄንም የምመክራት እኔው ነኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ስለሆነ ነው መልሱ የከበደው።

ባርባ ሎቭሬ እንግዲህ በገዛ ቤቱ አለመኖርን ለመደ። ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ ሁለተኛውን ፎቅ ዶብሪላ በተወለደች ዓመት በራሱ እጅ ነው የሠራው። በጋ ላይ ግን እንግዶቹ ሳይነሡ በጓሮ በር ወጥቶ የጥዱ ጥላ ሥር ኳስ ከሚያንከባልሉት ሽማግሌዎች ጋር ይውላል። ሲመለስም እንግዶቹ ወደ ባሕር መውረዳቸውን አይቶ ነው። ሳል ሲመጣበት ትራሱን አፉ ላይ እንደሚያደርግ ግድግዳ የምንጋራው እኔ አውቃለሁ።

ከፊት ለፊት ያለችው ጎረቤታችን ፔሪና ምላሷ አያርፍም። «ባርባ ሎቭሬ! ዛሬስ ተወለድክ ወይስ ገና ነህ?» ትለዋለች ከመስኮቷ።

«እንግዶቹ ሲያልቁ፣ መስከረም ላይ ነው የምወለደው፤ ምጥ ላይ ነን» ይላታል ቆቡን አንሥቶ።

እንስቃለን። ሳቁ ግን አይጥመንም ነበር፤ ሁላችንም ዶብሪላን የምናውቃት ከሕፃንነቷ ጀምሮ አባቷ ትከሻ ላይ ሆና ነውና።

ከዓመታት በኋላ በአንዱ ነሐሴ፣ የእመቤታችን ዕርገት ሊውል ሰሞን፣ ሁለት የቼክ ሴቶች አረፉባት፤ ያርሚላ የምትባል የሒሳብ መምህርትና ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጇ። ያርሚላ በሩን ከፍታ ዘግታ፣ መቀርቀሪያውን ገፍታ ስባ ነው ሻንጣዋን ያስገባችው። ቋንቋችን ስለሚቀራረብ አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ወይኑ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ እንደ ሰፈሩ ሰው «ሽዮር»፣ አቶ እያለች አጫወተችኝ። ዝም ብዬ ስለማዳምጥ ይሆናል፣ ሰው ይነግረኛል።

«ከዚህ በፊት ሌላ ከተማ» አለችኝ «ቤቱ ንጹሕ፣ አከራዩም ትሑት ነበር። ልጄ ገላዋን ስትታጠብ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገባ። ቧንቧ ልፈትሽ ብዬ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ወንበር በሩ ላይ ሳታስደግፍ አትተኛም፣ ሽዮር ያክሻ።»

«እግዚአብሔር ይጠብቃት» አልኩ።

ዶብሪላ አጠገባችን አንሶላ ታሰጣ ነበር። «እዚህ አትስጉ» አለቻት። ፊቷን ወደ ምድር ቤቱ በር እንዳታዞር ስትጠነቀቅ አየኋት።

የበዓሉ ዋዜማ ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሰፈሩ የመስኮት መዝጊያውን ዘግቶ በተጋደመበት ሰዓት ነገሩ ሆነ። ባርባ ሎቭሬ እናትና ልጅ ፎጣ ይዘው ሲወጡ አይቷል። እናትየው ራስ ምታት ይዟት ከመንገድ መመለሷን ግን አላየም። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ጋር በበዓሉ ዑደት ላይ ሻማ ይይዛል፤ ነጭ ሸሚዙ ደግሞ ላይኛው ክፍል፣ በገዛ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው። ስለዚህ በዘመናት ልማዱ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ የራሱን ክፍል ከፈተ።

ጩኸቱን ሰምቼ ባዶ እግሬን ወጣሁ። ባርባ ሎቭሬ በካናቴራ ብቻ፣ ሸሚዙ ክንዱ ላይ ተንጠልጥሎ የድንጋዩ ደረጃ መካከል ቆሟል። ያርሚላ አንሶላ ተጠቅልላ፣ የራስጌ መብራቱን እንደ ዱላ ይዛ ደፉ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ጩኸቱን የሰማ ሰው ጠርቷቸው ሁለት ፖሊሶች መጡ። ለበጋ ከመሀል አገር የተላኩ ወጣቶች ናቸው፤ ከእኛ ማንንም አያውቁም።

«ምን ልታደርግ ገባህ?»

«ሸሚዝ ልወስድ።»

«የማን ሸሚዝ?»

«የራሴ።»

«ያንተ ሸሚዝ እንግዶቹ ክፍል ምን ይሠራል?» አለው አንደኛው።

 ልናገር ስል ባርባ ሎቭሬ አየኝና ራሱን በትንሹ፣ እኔ ብቻ በማየው መጠን ነቀነቀ፤ ተው ማለቱ ነው። ተውኩ።

ያኔ ዶብሪላ ካርቶኗን ብብቷ ውስጥ እንዳደረገች ከወደቡ ደረሰች። ፖሊሱ ጠየቃት፦ «ወይዘሮ፣ ይህን ሰውዬ ያውቁታል?»

ወደ ላይ ያርሚላን አየች። ዙሪያውን ደግሞ በጣት ስፋት ገርበብ ያሉትን መዝጊያዎች አየች።

«አውቀዋለሁ» አለች።

«ማን ነው?»

«የሚ… የሚረዳኝ ሰው ነው። ግድግዳ ይጠግናል፣ አትክልት ያጠጣል። ቁልፉንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ተሳስቶ ነው።»

ከፊት ለፊት የፔሪና መዝጊያ ጓ ብሎ ተዘጋ።  እኔ መሬት መሬቱን ሳይ የእግሬን ጣቶች አየሁ፤ ባዶ እግሬን መሆኔ ያን ጊዜ ነው ያሳፈረኝ፤ ለማፈር አንድ ነገር ያስፈልገኝ ነበር መሰለኝ።

ባርባ ሎቭሬ ቆቡን አወለቀ። መጀመሪያ ያርሚላን ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ።

«ሾራ ዶብሪላ» አላት «ጥፋቱ የእኔ ነው። ቁልፉን ይረከቡኝ።»

አንቺ ብሎ ያሳደጋትን ልጅ «ሾራ»፣ ወይዘሮ ብሎ እርስዎ አላት። ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖረላት። ሸሚዙ ደረጃው ላይ ቀረ።

ፖሊሶቹ ሄዱ። ያርሚላ ከላይ ሆና «እኛ እዚህ እስካለን ሰውየው ግቢው ውስጥ አይግባ» አለች። ዶብሪላም «እሺ፣ አይገባም» ብላ መለሰች።

ባርባ ሎቭሬን ወጥ ቤቴ አስገባሁት። ሰርዲንና ዳቦ አቀረብኩለት፤ አልነካውም። የእጁን ጀርባ ያያል።

«እጆቿ ሲንቀጠቀጡ አየሃቸው?» አለኝ። «በዕድሜዬ ሴት አስፈርቼ አላውቅም፣ ያክሻ። ልጅም አስፈርቼ አላውቅም።»

«ሳታውቅ ነው፣ ባርባ።»

«ለእሷ ምን ለውጥ አለው? ጠዋት ወደ ቪስ ደሴት የሚሄደው መርከብ ከዑደቱ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት ነው። ለምን?»

«እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። እዚያ መንደር ወንድ አያስፈራም፤ የቀሩት ወንዶች ለመነሣት እንኳ ሰው የሚደግፋቸው ናቸው።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ከሄድኩ አልመለስም። መመላለስ ደክሞኛል።»

ቪስ ላይ ያለችው እህቱ ዓይኗ የጠፋ፣ ቤቷም ክረምት የሚያንጠባጥብ ነው። ከሄደ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። በልቤ ጸለይኩ፤ የጸሎቱ ቃል ትዝ አይለኝም፤ ሳህኑን እየጠረግሁ ነበር።

ዶብሪላ በሩ ላይ ቆመች፤ አልገባችም።

«አባዬ።»

«ያክሻ፣ ውሃ ስጣት፤ በፀሐይ ነው የመጣችው።»

ውሃውን ያዘች እንጂ አልጠጣችም። «ምን ልበል ነበር? እዚያው ፊቷ ላይ ዋሽቼሻለሁ ልበላት? ቅዳሜ ይሄዳሉ። እስከ ቅዳሜ እዚህ ያክሻ ጋ ሁንልኝ።»

«እሑድ ሌሎች ይመጣሉ» አላት።

«እነሱም ይሄዳሉ!»

«እኔም እሄዳለሁ። ጠዋት ወደ ቪስ።»

ብርጭቆውን ምድጃው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች። «ያክሻ፣ አንተ ንገራት። አንተን ታምንሃለች። በደንብ አድርገህ፣ ለስለስ አድርገህ…»

«እኔ ማዳመጥ ነው የምችለው፣ ዶብሪላ» አልኳት። «የተናገርሽው አንቺ ነሽ፤ በእኔ አፍ አይመለስም።»

በጀርባዋ ፔሪና መጣች፤ ነጩን ሸሚዝ ክንዷ ላይ አጥፋ ይዛለች። «ይቅርታ፣ ማቋረጤ ነው» አለች፤ ማቋረጥ ግን ያሰበችው ነገር ነው። «ሠራተኛሽ ሸሚዙን ደረጃ ላይ ጥሎት ሄደ። ለአትክልት አጠጪ ግን ኮሌታው እንዴት ያለ ስፌት ነው? ማን ሰፋለት?»

ዶብሪላ ኮሌታውን አየችው። ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው።

«እኔ» አለች። «እናቴ የሞተች ዓመት። እኔ ነኝ የሰፋሁለት።» ከዚያ በሩ ጉበን ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ፔሪና ሌላ ቃል ደርድራ ነበር የመጣችው፤ ዋጠችው። ሸሚዙን ወንበር ላይ አኑራ ወጣች።

«ይህን ሁሉ ዓመት» አለች ዶብሪላ ከእጆቿ ውስጥ «ስታስል ሰምቼህ አላውቅም። የማታስል መስሎኝ ነበር። አባዬ፣ ክፍልህን እመልስልሃለሁ። ላይኛውን።»

«ክፍሉን አይደለም የምፈልገው። ምድር ቤቱ በጋ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ደስ ይላል።» ጎንበስ ብሎ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ተንቋቋ። «ያቺ ሴትዮ ዛሬ ማታ መቀርቀሪያውን ስትገፋ ከሥሯ ማን እንዳለ ታውቅ። የምለው ይህን ብቻ ነው። ሰው ደኅና የሚተኛው እውነቱን ሲያውቅ ነው።»

«ብትሄድስ?»

«ትሂድ፤ መብቷ ነው። ፔሪና ጋ ትደር። እዚያ እውነትም ወንድ የለም፤ ባሏ ጸጥታ ፍለጋ ዛግሬብ ድረስ ሸሽቷታል።»

ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው አፈረችበት።

«እነግራታለሁ» አለች።

«መቼ?»

«እራት ሲበሉ… ልጅቷ ከባሕር ስትመለስ…» ቃሏን አቋረጠች።   የዋዜማው ደወል ከታች ጀመረ፤ ሦስታችንም አማተብን።

«አሁን» አለች። «እሺ፣ አሁን እነግራታለሁ። ብቻዬን ግን እግሬ አይወጣልኝም። ሸሚዝህን ልበስና አብረኸኝ ና። ቁልፉን በእጇ እሰጣታለሁ፤ እስክትሄድ ድረስ ከእሷ በቀር ማንም አይያዘው። ፊት ለፊቷ ቆሜ ‹አባቴ ነው፤ ቤቱን የሠራው እሱ ነው፤ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ› እላታለሁ።»